«ቢሆን ኖሮ»ን ወደ ልብ ወለድ መልሱት

በአገራችን እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያውቀው ልብ ወለድ እስከ ዛሬ ማተሚያ ቤት አልገባም። ደራሲዎቹ በየመድረኩ፣ በየቴሌቪዥኑ መስኮትና በየስደቱ አዳራሽ ይገኛሉ፤ ርእሱም አንድ ነው፦ «ቢሆን ኖሮ»። እገሌ በዚያ ጦርነት ድል አድርጎ ቢሆን ኖሮ፤ ያኛው ንጉሥ ባይሞት ኖሮ፤ በ1953 ዓ.ም. እነ መንግሥቱ ንዋይ ተሳክቶላቸው ቢሆን ኖሮ፤ በ1966 ዓ.ም. ሥልጣኑ በወታደር እጅ ባይወድቅ ኖሮ፤ የ1997ቱ ምርጫ በሰላም ተቋጭቶ ቢሆን ኖሮ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን መገንጠያ መርጦ፣ ከመገንጠያው ወዲያ ማዶ ያላየውን አገር ሠርቶ፣ የዚያ አገር ዜጋ ሆኖ ይኖራል። እዚህ ከእኛ ጋር ያለው አካሉ ብቻ ነው።

በዓለም ሥነ ጽሑፍ ይህንኑ ሥራ በሐቅ የሚሠራ ዘርፍ አለ። ታሪክ በአንድ ነጥብ ላይ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ቢሆን ምን ዓይነት ዓለም ይወለድ እንደ ነበር የሚያስብ፣ አልፎም ገጸ ባሕርያቱን ከአንዱ የጊዜ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ብዙ ምሁራኖቻችን ይህን ዘርፍ የልጆች ጨዋታ አድርገው ይቆጥሩታል። «የተራበ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ትይዩ ዘመናት ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ግን ማታ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው ከዚያው ዘርፍ እጅግ የከፋውን ናሙና የፖለቲካ ትንታኔ ብለው ያዳምጣሉ።

ክርክሬ አጭር ነው። የ«ቢሆን ኖሮ» ተገቢ ቤቱ ልብ ወለድ ነው። በቤቱ ሲቀመጥ ሰውን ያስተምራል፤ ከቤቱ ወጥቶ የፓርቲ ፕሮግራም ሲሆን ሰው ያስገድላል። ይህን ለማሳየት ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ተራሮች የተሻለ ቦታ አላውቅም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ዘርፉ ራሱ የሚተዳደርበትን ሕግ እንመልከት።

የዘርፉ ሦስት ሕግጋት

አሜሪካዊው መሪ ሌይንስተር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ የተለያዩ የጊዜ መስመሮች ቁራሽ መሬቶች ይቀላቀላሉ፤ በአሜሪካ ምድር ላይ የሮማ ወታደሮች ሲሰለፉ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ አድጎ የራሱን ሥርዐት አበጅቷል። ሥርዐቱን ማንም በአዋጅ አልደነገገውም፤ ከደጋግ ሥራዎቹ ግን ሦስት ሕጎችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛው ሕግ ስሌት ነው። ደራሲው አንድ ነገር እንዲቀይር ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ፣ የማይወደውን ጭምር፣ ተከትሎ መጻፍ ግዴታው ነው። ፊሊፕ ዲክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አሸንፈዋል። በዚያ ዓለም ውስጥ ያለ አንድ ደራሲ ደግሞ እነርሱ የተሸነፉበትን ልብ ወለድ ጽፎ መጽሐፉ በየስፍራው ይነበባል። አንባቢ ያ መጽሐፍ የእኛን ዓለም የሚተርክ ይመስለዋል፤ ሲያስተውል ግን እርሱም የእኛ ዓለም አይደለም። አንዲት መገንጠያ ስትለወጥ ተከታዮቹ ሁሉ ይለወጣሉና፣ «እገሌ ቢያሸንፍ የምመኘው አገር ይኖረኝ ነበር» ብሎ መማል እንደማይቻል ዲክ ያሳየናል።

ሁለተኛው ሕግ ዋጋ ነው፤ በነጻ መሻገር የለም። ዋርድ ሙር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው «ብሪንግ ዘ ጁቢሊ» በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደቡቦች ድል አድርገዋል። ገጸ ባሕርዩ የታሪክ ምሁር ነው። ወሳኙን የጌቲስበርግ ጦርነት በዓይኑ ለማየት ብቻ ወደ ኋላ ይጓዛል። ሊዋጋ አልሄደም፤ በቦታው መገኘቱ ብቻ ግን የጦርነቱን ውጤት ይገለብጠዋል። ከዚያስ? የእኛ ዓለም ይወለዳል፤ እርሱ የመጣበት ዓለም፣ ከሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ጋር፣ እንዳልነበረ ይሆናል። ለእኛ ፍትሕ የሆነው ነገር ለእነዚያ ፍጹም ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ሕግ ሰው ነው፤ ማዶ ያሉትም ሰዎች ናቸው። ስቲቨን ባርንስ እ.ኤ.አ. በ2002 በጻፈው «ላየንስ ብለድ» ግብጽና አቢሲኒያ የዓለም ኃያላን ናቸው፤ አሜሪካን ያቀኗት አፍሪካውያን ሲሆኑ ባሪያ ሆነው የሚሸጡት አውሮፓውያን ናቸው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ የበለጠ ጆሮ የሚያሞቅ «ቢሆን ኖሮ» ከየት ይመጣል? ባርንስ ግን ጆሯችንን ሊያሞቅልን አልተነሣም። የጌታው ቀለም ተለወጠ እንጂ ሰንሰለቱ እዚያው ነው። ድል ማድረግና ፍትሕ ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን አንባቢው ራሱ በአሸናፊነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲያየው ያስገድደዋል።

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ሕጎች ይዘን ወደ ዋግ እንሂድ።

በሰቆጣ መገንጠያ ላይ

ዋግ የመገንጠያዎች አገር ነው። በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ከዛጉዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲሻገር፣ ትውፊቱ እንደሚለው ለዛጉዌ ወገን የዋግ ሹመት በዘር ሐረግ እንዲወርድ ተደረገ፤ ዋግሹሙም በብር ወንበር ከንጉሡ አጠገብ የመቀመጥ ክብር ተሰጠው። አንዱ ወገን ይህን «የተቀማ ዙፋን» ይለዋል፤ ሌላው «የተመለሰ ዙፋን» ይለዋል። ሁለቱም ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ባለፈው ነገር ላይ ዛሬ የድንበርና የሥልጣን ጥያቄ ያቆማሉ።

ለዘመናችን ቅርብ የሆነው መገንጠያ ደግሞ የ1863 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የትግሬው ካሣ ምርጫ እህት ድንቅነሽ ምርጫ ሚስታቸው ነበሩ፤ ጋብቻው ግን ጦርነቱን አላስቀረውም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ሁለቱ አማቾች ገጠሙ። ተክለ ጊዮርጊስ በሠራዊት ብዛት ይበልጡ ነበር፤ ካሣ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በእስርም ሞቱ። ካሣ አፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ለተማሪዎቼ ይህን መልመጃ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ «በአሳም ድሉ የተክለ ጊዮርጊስ ቢሆን ኖሮ ሰቆጣ ዛሬ ምን ትመስል ነበር?» ወረቀቶቹን ስሰበስብ ሰቆጣ ሰፋፊ ጎዳና፣ ቤተ መንግሥት፣ ሐውልትና አየር ማረፊያ ያላት ዋና ከተማ ሆናለች። አንዳንዱ ጽሑፍ ኽምጣናን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል። በአንዱም ወረቀት ላይ ግን አራሽ አልነበረም። በዚያች በተሳካላት ሰቆጣ ገበሬው ለባላባቱ ምን ያህል እንደሚገብር፣ በድርቅ ዓመት ጎተራው ውስጥ ምን እንደሚተርፍ ማንም አልጻፈም። ልጆቹን አልወቅስም፤ በቤት፣ በቴሌቪዥንና በስብሰባ የሰሙትን ልብ ወለድ ነው የደገሙት።

አሁን በዘርፉ ሕግ እንመዝነው። በስሌት ሕግ፦ ተክለ ጊዮርጊስ ቢያሸንፉ፣ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የመጣውን የግብጽ ጦር ማን ይመክተው ነበር? በአሳም የካሣ መድፍና ጠመንጃ በማን እጅ ይወድቅ ነበር? የሸዋው ምኒልክስ ለዋጉ ንጉሥ ይገብሩ ነበር ወይስ ሌላ አሳም ይቆፈር ነበር? በዋጋ ሕግ፦ ይህን ድል የሚመኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የተወለደውን ሁሉ፣ ራሱንም ጭምር፣ ከመዝገብ መፋቁን ያስብ። በሰው ሕግ፦ በዚያ ዓለም ተሸናፊ የሚሆነው የትግራይ ገበሬ የማን ልጅ ነው?

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው። የዋግሹምነት ማዕረግ ከ1863 ሽንፈት በኋላም አልጠፋም፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ ቀጥሏል። ማለትም ዋግ የራሱ ባላባት፣ የራሱ ክብር፣ የራሱ የብር ወንበር ወግ ነበረው። ያ ክብር የተከዜን ገደል ወርዶ የሚወጣውን አራሽ ጎተራ ሞልቶለት ያውቃልን? ዙፋኑን ከዓድዋ ወደ ሰቆጣ የሚያዛውር ልብ ወለድ፣ ማሳውን እንዳለ ከተወው፣ ምንም አልለወጠም።

ማንም የማይጠቅሰው መገንጠያ

ፖለቲከኞቻችን መገንጠያ ሲመርጡ ዘውድ ከራስ ወደ ራስ የሚሻገርበትን ብቻ ይመርጣሉ። እህል ከጎተራ ወደ ጎተራ ሊሻገር ይችል የነበረበትን መገንጠያ ግን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ዋግ ላይ ይህ ዓይነቱ መገንጠያ አለ፤ ቀኑም ይታወቃል።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ነበር። ደርግ ከንጉሡ ላይ ሥልጣን ሲወስድ ትልቁ ክሱ ይኸው ድብቅ ረሃብ ነበር። «እኛ ብንኖር ኖሮ ሕዝብ አይራብም ነበር» ማለቱ ነው፤ አብዮቱ ራሱን እንደ ሌላኛው የጊዜ መስመር አድርጎ አቀረበ። አሥር ዓመት ሲሞላው ግን ምን ሆነ? በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ለለጋሽ መንግሥታት አስታወቀ። ለጋሾቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መንግሥት በበኩሉ ለአሥረኛው የአብዮት በዓልና ለኢሠፓ ምሥረታ ከተማ ያስጌጥ ነበር፤ በሰሜን ደግሞ ጦርነቱ መንገድ ዘግቶ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ድግሱ ተደገሰ። በጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ ከኮረም ሜዳ ያነሣውን ዓለም አየ። ሰቆጣና አካባቢዋ የዚያ እልቂት ማዕከል ከሆኑት ስፍራዎች አንዷ ነበሩ።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው። በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ ማንም ንጉሥ መሸነፍ፣ ማንም ዙፋን መገልበጥ አላስፈለገውም። ወረቀቱ ተነብቦ ቢሆን፣ መርከቡ ቶሎ ተጭኖ ቢሆን፣ መንገዱ ለእህል ተከፍቶ ቢሆን በቂ ነበር። ይህ የ«ቢሆን ኖሮ»ዎች ሁሉ እጅግ ትሑቱና እጅግ የሚቻለው ነው። ታዲያ በስንት ሰልፍ ላይ መፈክር ሆኖ አያችሁት? በስንት የፓርቲ መግለጫ መግቢያ ላይ ተጻፈ? አልተጻፈም፤ ምክንያቱም ይህ መገንጠያ ሁሉንም ይከሳል እንጂ ለማንም ዘውድ አይደፋም።

«እኛ ተረት አያስፈልገንም» ለሚሉ

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ይገባኛል። የመጀመሪያው የታሪክ ባልደረቦቼ ነው፤ «እኛም እኮ ‹ባይሆን ኖሮ› ብለን እንጠይቃለን» ይላሉ። ልክ ናቸው። የታሪክ ምሁር የሚጠይቀው ግን ምክንያትን ለመመዘን ነው፤ መድፉ ባይኖር አሳም ላይ ምን ይሆን ነበር ብሎ የመድፉን ክብደት ይለካል፤ ለክቶም ወደ ሆነው ነገር ይመለሳል። ፖለቲከኛው ሄዶ የሚቀር ነው። መመለሻ መንገዱን የረሳ ተሻጋሪ በልብ ወለዱም ቢሆን መጨረሻው አያምርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘርፉ ባዕድ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የገዛ መጻሕፍቱን አላነበበም። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት አንዱ በሆነው በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ይተኛል፤ ስድሳ ስድስት ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ከተማዋ ኢየሩሳሌም ግን ሌላ ሆናለች፤ የሚያውቃትን አጥቶ ይቅበዘበዛል። በሳይንስ መሣሪያ ሳይሆን በተአምር ይሁን እንጂ፣ በጊዜ ውስጥ የተሻገረ ሰው ባይተዋርነት ለእኛ አዲስ አይደለም። ዘመናዊው ልብ ወለዳችንም ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ ያልነበረ አገር ማሰብን ያውቅበታል። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ሳይንቲስቶችንና የጣናን ገዳማት ያገናኘውን ያን ትረካ አንባቢ እንዴት እንደ ተሻማበት የምናስታውሰው ነው። አንባቢው አለ፤ ረሃቡም አለ። የጎደለው፣ አንድ መገንጠያ ይዞ ሦስቱን ሕጎች አክብሮ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ደራሲ ነው። በአማርኛም፣ በኽምጣናም፣ በትግርኛም።

ሰው ሊሆን ይችል የነበረውን የማሰብ ፍላጎቱ አይጠፋም። ልብ ወለዱ ካልመገበው ካድሬው ይመግበዋል። የቴሪ ቢሰንን «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ያነበበ ሰው ይህ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው በዚህ መጽሐፍ የጥቁሮች ነጻነት አርበኛው ጆን ብራውን ተሳክቶለታል፤ በዚያች የተሻለች ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ እርሱ የተሸነፈበትን፣ ማለትም የእኛን ዓለም የመሰለውን፣ እንደ ቅዠት ልብ ወለድ ያነቡታል። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ቂም ይዞ አይወጣም፤ «የምኖርበት ዓለም ለሌላው ቅዠት ከሆነ ምን ላድርግበት?» ብሎ ይወጣል። የካድሬው «ቢሆን ኖሮ» ግን ሰሚውን «ማን ቀማኝ?» ብቻ ያስብለዋል።

ያልተዘጋው መገንጠያ

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ነገር ልናገር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አንድ ቃል ገባ፤ ስሙም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። የ1977ቱን ረሃብ መታሰቢያ በሰቆጣ ስም አድርጎ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቀረት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው።

ባለሙያዎቹ ስለ አንድ ሺህ ቀናት ይነግሩናል፤ ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን። በእነዚያ ቀናት ምግብና ንጹሕ ውሃ ያገኘ ልጅና ያላገኘ ልጅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ በቁመትም፣ በአእምሮም፣ በትምህርትም። ቀኖቹ ካለፉ በኋላ የጎደለውን መሙላት እጅግ አዳጋች ነው። እውነተኛው የጊዜ መስመር መገንጠያ ይህ ነው። ከወዲያኛው ወደ ወዲህኛው የሚያሻግር መሣሪያ ደግሞ በልብ ወለድ እንጂ በሰቆጣ የለም።

እኛስ ምን አደረግን? ቃል ኪዳኑ በተጀመረባቸው ወረዳዎች ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት አደረግን። የተከዜ ሁለቱ ዳርቻ ልጆች አንድ ሺህ ቀናቸውን በመፈናቀል፣ በተዘጋ ጤና ጣቢያና በባዶ ጎተራ አሳለፉ። ተዋጊዎቹ ሁሉ በአፋቸው የያዙት የየራሳቸውን መገንጠያ ነበር፤ የ1262፣ የ1863፣ የ1881፣ የ1983። በአእምሯቸው ያለውን ዓለም ለመመለስ በፊታቸው ያለውን ልጅ መስመር ቆረጡ። ዋርድ ሙር የጻፈው የታሪክ ምሁር ቢያንስ ምን እንዳጠፋ ገብቶት ተጸጽቷል።

ስለዚህ ለፖለቲከኞቻችን ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። «ቢሆን ኖሮ» ባላችሁ ቁጥር፦ ከመገንጠያው በኋላ የማትወዱትን ውጤት ተናገሩ፤ ዋጋውን የሚከፍለውን ጥቀሱ፤ ማዶ ያለውን ገበሬ በስሙ ጥሩት። ይህን ማድረግ ከቻላችሁ ደራሲ ናችሁ፤ አሳትሙት፣ ገዝተን እናነባለን። ካልቻላችሁ ግን የያዛችሁት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷ ለዋግ ልጅ አይደርሰውም።

እ.ኤ.አ. 2030 ሊደርስ የቀሩት ዓመታት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ዛሬ በሰቆጣ የሚፀነስ ልጅ አንድ ሺህ ቀኑን የሚጨርሰው ከዚያ በፊት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ እርሱ «ቢሆን ኖሮ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መምጣቱ አይቀርም። እንዲጽፍ ምክንያት ላለመስጠት ጊዜው ገና አላለፈም።